ተራ የማይጠበቅበት ጨዋታ

ኅዳር 3 ቀን 1997 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኖቬምበር 12 ቀን 2004) ደቡብ ኮሪያ ውስጥ አንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ውድድር በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። ግማሽ ፍጻሜ ነው፤ ከአምስት ጨዋታ ሦስቱን ቀድሞ ያሸነፈ ያልፋል። አንደኛው ተጫዋች ሌላውን ሦስት ጊዜ በተከታታይ፣ ሦስቱንም ጊዜ በአንድ ዓይነት ዘዴ፣ ሲደመር ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጨዋታ አሸነፈውና ነገሩ አበቃ። ሕግ አልጣሰም፤ አላጭበረበረም፤ ዳኛም አልተቃወመውም። ተመልካቹ ግን ተንጫጫ። አሸናፊው ተሰደበ፤ ለተሸናፊው ታዘነለት። ጨዋታውን እያዩ ሊበሉ ዶሮ በስልክ ያዘዙ ሰዎች፣ ዶሮው ሳይደርስላቸው ጨዋታው እንዳለቀባቸው ዛሬም ድረስ እየተሳቀ ይወራል። ሃያ ዓመት አልፎት እንኳ አልተረሳም፤ ስም ወጥቶለት «ሦስቱ ተከታታይ ምሽጎች» እንደማለት ባለ አጠራር ይነሳል።

«የልጆች ጨዋታ ነው፤ ለቁም ነገር ገጽ ምን ይፈይዳል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አልፈርድበትም። ለኛ አገር ሰው ኮሪያ ሲባል ትዝ የሚለው የቃኘው ሻለቃ ነው እንጂ ኮምፒዩተር ፊት የተጎለተ ወጣት አይደለም። ግን ነገሩን ጠጋ ብለው ሲያዩት የተነሣው ጥያቄ የልጆች አይደለም። ሕግ የፈቀደልህን ብታደርግ ሰው ለምን ይቀየምሃል? ቀድሞ መምታት ብልህነት ነው ወይስ ነውር? ይሄ ጥያቄ በገበያም፣ በፍርድ ቤትም፣ በፖለቲካም ያለ ነው። እዚያ ሁሉ ግን ነገሩ ስለሚወሳሰብ ማን ምን እንዳደረገ ለይቶ ማየት ይቸግራል። ኮሪያውያን ያንኑ ጥያቄ በሰዓት ተለክቶ፣ በካሜራ ተቀርጾ አገኙት።

እስቲ መጀመሪያ ጨዋታውን እንወቀው። ስታርክራፍት ይባላል። ብሊዛርድ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በ1998 ያወጣው ነው (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሁለት ተጫዋቾች በአንድ ካርታ ላይ በተለያየ ጥግ ይሰፍራሉ። እያንዳንዳቸው አንድ ሰፈር፣ አራት ሠራተኞችና 50 ማዕድን ይዘው ይጀምራሉ። ሠራተኞቹ ማዕድን ይቆፍራሉ፤ በማዕድኑ ሌላ ሠራተኛ ይጨመራል፣ ሕንፃ ይቆማል፣ ወታደር ይወጣል። በመጨረሻ የአንዱ ሰፈር ይጠፋል። እንደ ቼዝ «አሁን ያንተ ተራ ነው» የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው የቻለውን ያህል ያዛሉ፤ ጥሩ ባለሙያ በደቂቃ 300 ትእዛዝና ከዚያም በላይ ይሰጣል። ካርታው ደሞ በጭጋግ የተሸፈነ ነው። የራስህ ሰው በሌለበት ቦታ የሚደረገውን አታይም። ባላጋራህ ቤት ምን እንደሚደገስ ለማወቅ ከሠራተኞችህ አንዱን ከሥራ አውጥተህ ለስለላ መላክ አለብህ።

የነገሩ ሁሉ ምሥጢር ማዕድኑን በምን ላይ ታውለዋለህ የሚለው ነው። ሠራተኛ ብትጨምርበት ነገ ሀብታም ትሆናለህ፤ ዛሬ ግን ቤትህ ዘበኛ የለውም። ወታደር ብታወጣበት ዛሬ ትፈራለህ፤ ነገ ግን ደሃ ነህ። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ማግኘት አይቻልም። በጨዋታው ውስጥ ሦስት ዘሮች አሉ፤ ሰዎቹ ቴራኖች፣ እንደ አንበጣ የሚፈሉት ዘርጎች፣ በጥበብ የረቀቁት ፕሮቶሶች። በድፍረት የመጨረሻውን ጫፍ ማየት የፈለገ የዘርግን አንድ ዘዴ ይመልከት። ተጫዋቹ አንድም ሠራተኛ ሳይጨምር 200 ማዕድን እስኪሞላለት ይጠብቅና የወታደር መፈልፈያውን ያቆማል። ከአራቱ ሠራተኞች አንዱ ራሱ ሕንፃ ሆኖ ይቀራል፤ የዘርግ አሠራር እንዲህ ነው። ከዚያ ስድስት ትንንሽ አውሬዎች ይፈለፈሉና በቀጥታ ወደ ባላጋራ ቤት ይሮጣሉ። ከቀናቸው ጨዋታው በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ካልቀናቸው ግን ላኪያቸው ዞር ቢል ቤቱ ባዶ ነው፤ ባላጋራው ተደላድሎ ሲያድግ እሱ ገና ከዜሮ ይጀምራል።

ስለዚህ ተጫዋቾች ሁሉ ከሦስት መንገድ አንዱን ይዘው ነው የሚገቡት። አንደኛው ስስታም ነው፤ ወታደሩን ትቶ ሀብቱን ያባዛል። ሁለተኛው ጥንቁቅ ነው፤ መጠነኛ ወታደር ይዞ መጠነኛ ሀብት ያፈራል። ሦስተኛው አጥቂ ነው፤ ነገን ሸጦ ዛሬን ይገዛል። ስስታሙ ጥንቁቁን ያሸንፈዋል፤ ምክንያቱም ማንም ካልነካው ዞሮ ዞሮ የሚበልጠው በሀብት ነው። ጥንቁቁ አጥቂውን ይመልሰዋል፤ ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ዘበኛ አለውና። አጥቂው ደሞ ስስታሙን ባዶ ቤቱን ያገኘዋል። አንዱም ከአንዱ በፍጹም አይበልጥም። እንደኔ እንደኔ የጨዋታው ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ነው፤ አጥቂ የሚባል ሰው ከዓለም ቢጠፋ ጥንቁቅ መሆን ሞኝነት ይሆናል፤ ሁሉም ስስታም ይሆናል። ዘበኛን ዘበኛ ያደረገው ሌባ እንደሆነ ሁሉ፣ ሚዛን የሚጠብቀውም ያ ሁሉም የሚረግመው ችኩል ሰው ነው።

በጨዋታው የሰነበቱ ሰዎች ለጀማሪ የሚሰጡት ምክርም ይሄንኑ ያጠናክራል። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸነፈው በመድፈሩ ሳይሆን «ትንሽ ልጠንክርና» እያለ በመቀመጡ ነው። ጥቃት ሁልጊዜ ለመግደል ብቻ አይደለም። ጥቂት ወታደር ባላጋራህ ደጅ ብቅ ቢልና አንድም ሰው ሳይገድል ቢመለስ፣ የባላጋራህ ሠራተኞች መቆፈሪያቸውን ጥለው ሸሽተዋል፤ ለሀብት ያሰበው ማዕድን ለመከላከያ ውሏል፤ ልቡም ከዚያ በኋላ አያርፍም። አጥቂው የወሰደበት ጊዜውን ነው። ተራ በማይጠበቅበት ጨዋታ ውስጥ ደግሞ ከጊዜ የበለጠ ሀብት የለም።

አሁን ወደ ኮሪያ እንመለስ። በ1997 የእስያ የገንዘብ ቀውስ ኮሪያን ክፉኛ መታት። አገሪቱ ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ብድር ወሰደች፤ ድርጅቶች ከሰሩ፤ ሠራተኛው ተባረረ። ከሥራ ከወጡት መሐል የነበረችውን ጥሪት ይዞ «ፒሲ ባንግ» የከፈተው ብዙ ነው። ባንግ በኮሪያኛ ክፍል ማለት ነው፤ ኮምፒዩተር የተደረደረበት፣ በሰዓት ሂሳብ የሚከፈልበት ቤት። መንግሥትም ፈጣን ኢንተርኔት በሰፊው ዘረጋ። ስታርክራፍት የወጣው ልክ በዚህ ሰሞን ነው። ሥራ ያጣው ወጣትና ከትምህርት ቤት የወጣው ተማሪ እዚያ ቤት ተገናኙ። በ1999 አንድ የካርቱን ጣቢያ ውድድሩን በቴሌቪዥን ማሳየት ጀመረ፤ በ2000 ለጨዋታ ብቻ የሚሆን ጣቢያ ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት የባለሙያ ተጫዋቾችን የሚያስተዳድር ማኅበር ተቋቋመ። በሐምሌ 2004 ቡሳን ከተማ፣ ጓንጋሊ የባሕር ዳርቻ ላይ ለተደረገ የፍጻሜ ውድድር 100,000 የሚገመት ሕዝብ ወጣ። እንግዲህ ግማሽ ፍጻሜው ላይ የተንጫጫው ተመልካች ይሄ ነው።

ሁለቱ ተጋጣሚዎችም ተራ ሰዎች አልነበሩም። አሸናፊው ሊም ዮ ህዋን ነው፤ «ቦክሰር» በሚል የመጫወቻ ስሙ ይታወቃል። ቴራንን ይዞ ስለሚጫወት «የቴራን ንጉሠ ነገሥት» ተብሎ ነበር። ተሸናፊው ሆንግ ጂን ሆ ዘርግን ይዞ የሚጫወት፣ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ፋታ የማይሰጥ ሰው በመሆኑ «ማዕበሉ ዘርግ» የተባለ ነው። በ2001 አንድ ታላቅ የፍጻሜ ውድድር ላይ ተገናኝተው ሊም 3 ለ 2 አሸንፏል። ሆንግ እየደጋገመ ለፍጻሜ ደርሶ እየደጋገመ ስለሚሸነፍ ሁለተኛነት ቅጽል ስሙ እስኪመስል ተጣበቀበት።

የሁለቱን ፉክክር ሕዝቡ «ኢምጂንሮክ» ብሎ ጠራው። ይሄ ስም እንደ ሥነ ጽሑፍ ሰው ልቤን ይነካኛል። ኢምጂንሮክ ጃፓን በ1592 በኮሪያ ላይ ያደረገችውን ወረራ የሚተርክ የቆየ የኮሪያ መጽሐፍ ስም ነው። ሊም የሚለው የቤተሰብ ስም በኮሪያኛ «ኢም» ተብሎ ይነበባል፤ «ጂን» ደግሞ ከጂን ሆ ነው፤ «ሮክ» ዜና መዋዕል እንደማለት። ሰም ለበስ ጨዋታ ነው፤ የኛን ቅኔ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ሰሙ የአገር ታሪክ፣ ወርቁ የሁለት ወጣቶች ግጥሚያ። ሕዝብ እንዲህ ያለ ስም ላወጣለት ነገር የሚጠብቀው ቀላል አይደለም። ታሪክ ነው የሚጠብቀው።

ያገኘው ግን ሌላ ነው። ሆንግ ከስስታሙ መንገድ ጀመረ፤ ወታደር ከማብዛቱ በፊት ሁለተኛ ሰፈር ቆረቆረ። በወቅቱ ቴራን ላይ ለሚጫወት ዘርግ የተለመደ አጀማመር ነው። ሊም ይሄንን ጠብቆ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ወታደሮች ከሠራተኞቹ ጋር አስወጣና በቀጥታ ወደ ሆንግ አዲስ ሰፈር ነዳቸው። ሠራተኞቹ እዚያው አፍንጫው ሥር ምሽግ ሠሩ። ምሽግ 100 ማዕድን ያስወጣል፤ አራት ወታደር ይይዛል፤ ከውስጥ የሚተኩሰው ወታደር ከውጭ ካለው ይርቅለታል። ሆንግ ከመቆፈር ሥራ ሠራተኞቹን ጠርቶ በጥርስ በጥፍር ምሽጉን ለማፍረስ ሞከረ። አልሆነም። ሁለተኛው ጨዋታ ሲመጣ ሊም አይደግመውም ተባለ፤ ደገመው። ሦስተኛው ላይ «በጭራሽ» ተባለ፤ ሠለሰው። ማዕበል የተባለው ሰው ገና ሳይነፍስ ቀረ።

ስድቡ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ተጫዋቾች እንዲህ ያለውን ዘዴ «ቺዝ» ይሉታል፤ አይብ ማለታቸው ነው። ለምን አይብ እንዳሉት አልመራመርም፤ ሙገሳ እንዳይደለ ግን ግልጽ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ድራማ ሳስተምር ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው አንድ ነገር ነበር። ተመልካች ወደ ቴአትር ቤት የሚመጣው ማን እንደሚያሸንፍ ለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ለማወቅ ብቻ ቢሆን መጨረሻውን ሰው ጠይቆ ቤቱ በተቀመጠ። የሚመጣው ሲካረር ለማየት ነው፤ ጀግናው ሲፈተን፣ ሲወድቅ፣ ሲነሳ። በመጀመሪያው ገቢር መጋረጃ ሳይገለጥ ባለጋራ ከሞተ ተመልካች የተዘረፈ ይመስለዋል። የኮሪያ ተመልካች ቅሬታም በመሠረቱ የሥነ ጽሑፍ ቅሬታ ነው። ለአምስት ገቢር ተዘጋጅቶ ሦስት ጊዜ መጋረጃ ተዘጋበት። ቅሬታው ይገባኛል፤ ግን ዕዳው የማን ነው? ሊም ወደዚያ መድረክ የወጣው ተዋናይ ሆኖ ሳይሆን ተወዳዳሪ ሆኖ ነው። ተዋናይ ዕዳው ለተመልካች ነው። የተወዳዳሪ ዕዳ ግን ለባላጋራው ነው፤ ባላጋራህን ማክበር ማለት ያለህን ሁሉ ይዘህ መግጠም ነው። «ለተመልካች ደስ እንዲለው ትንሽ ልቆይለት» ማለት ሆንግን መናቅ በሆነ ነበር። ሆንግ ፋታ የተሰጠው ቀን ምን እንደሚያደርግ ከሊም የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ለአጭሩ መንገድ የገፋፋው ንቀት ሳይሆን ፍርሃት ይመስለኛል፤ ፍርሃት ደሞ በዚህ ቦታ ከፍተኛው አክብሮት ነው።

ሦስት ጊዜ መደገሙስ? እዚህ ላይ ተመልካቹ ሊምን ሲወቅስ የስሌቱን ድፍረት ሳያይ ቀረ። አንድ ዘዴ ሁለት ጊዜ ከሠራ፣ ሦስተኛ ጊዜ መሞከር እጅግ አደገኛ ነው፤ ባላጋራ ጥንቁቁን መንገድ ይዞ ቢጠብቅ አጥቂው ያልቅለታልና። ሊም የቆጠረው ሆንግ ምን ያስባል ብሎ ነው። «ሦስተኛ ጊዜማ አይደፍርም» እንደሚል ቆጠረ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ሳያስብ ለቸኮለ ነው። ይሄ ሰው ግን የቸኮለው ሲያስብ ቆይቶ ነው።

ይሁን እንጂ ድፍረትን ጣዖት እንዳናደርገው ታሪኩ ራሱ ልጓም አበጅቶለታል። ከስምንት ቀን በኋላ ሊም ለፍጻሜ ቀረበ። ተጋጣሚው ቾይ ዮን ሰንግ ነው፤ የሊም የገዛ ቡድን ልጅ፣ የገዛ ደቀ መዝሙሩ። ቾይ የሚታወቀው በተቃራኒው ነው። ሀብት አፍርቶ፣ ፋብሪካ አብዝቶ፣ «ይሄን ያህል ወታደር ከየት አመጣ?» የሚያሰኝ ጎርፍ መልቀቅ ልማዱ ነበር። ደቀ መዝሙሩ መምህሩን 3 ለ 2 አሸነፈው። ንጉሠ ነገሥቱ በካሜራ ፊት አለቀሰ። ስምንት ቀን ሙሉ ሲሰድበው የከረመው ሕዝብ ይሄኔ አብሮት አዘነ። አምስቱን ገቢር አገኘ መሰለኝ።

የእውነተኛው ነውር መልክ ምን እንደሆነ ደግሞ ከስድስት ዓመት በኋላ ታየ። በ2010 አንዳንድ ባለሙያ ተጫዋቾች ከቁማርተኞች ጋር ተመሳጥረው ውጤት እንደሚሸጡ ተጋለጠ፤ ማኅበሩ 11 ተጫዋቾችን ለዘለዓለሙ አገደ። አስተውሉ፤ እነዚህ ሰዎች ጥፋታቸው ቶሎ ማሸነፍ አልነበረም። ለማሸነፍ አለመፈለግ ነበር። ከውጭ ሲታይ ጨዋታ የሚጫወቱ ይመስላሉ፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። በ2004 «ማሸነፍ አበዛ» ተብሎ የተሰደበው ሰው፣ ከነዚህ አጠገብ ቢቆም የጨዋታው ጠባቂ ሆኖ ነው የሚታየው።

ለመሆኑ እኛስ በዚህ ነገር ላይ አንዳች የምንለው አለን? አለን። ያውም ከኮምፒዩተር መምጣት ብዙ ቀደም ብሎ የተባለ። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ ሰንጠረዥ ጽፈዋል። በነገሥታቱና በመሳፍንቱ ግቢ ይዘወተር የነበረው የኛው ሰንጠረዥ ከዛሬው ቼዝ የሚለይበት አንድ አስደናቂ ነገር አለው። ሲጀመር ተራ የለም! ሁለቱም ተጫዋቾች ባንድ ጊዜ፣ አንዱ አንዱን ሳይጠብቅ፣ እጁ የቻለውን ያህል ያንቀሳቅሳል፤ ዓይኑ ግን ከባላጋራው እጅ አይነቀልም። አንዱ የሌላውን የመጀመሪያ ወታደር እስኪማርክ ድረስ ተራ መጠበቅ የሚባል ነገር የለም። የዚህ ክፍል ስሙ «ወረራ» ነው። ሲሊከንና ኤሌክትሪክ ሳይኖር፣ በጨርቅ ሰሌዳ ላይ፣ አባቶቻችን ፈረንጆቹ ዛሬ አዲስ ግኝት የሚያደርጉትን ጨዋታ ይጫወቱ ነበር።

ከዚህ የበለጠ የሚገርመኝ ግን አጨራረሱ ነው። በዛሬው ቼዝ ማት ማት ነው፤ በምንም ቢሆን ድል እኩል ነው። በሰንጠረዥ እንዲህ አይደለም። በፈረስ ወይም ሩክ በሚባለው ብርቱ ድንጋይ ንጉሥን መያዝ እንደ ተራ ነገር ይታያል፤ በደካሞቹ ድንጋዮች፣ ይበልጡንም በእግረኞቹ ንጉሥን የያዘ ሰው ይመሰገናል። አጃቢ አጥቶ ፍጹም ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማት ማድረግም አይፈቀድም። እንግዲህ ሊቃውንቱ ምን አደረጉ? አጀማመሩን ለድፍረት ለቀቁት፤ አጨራረሱን ለክብር አሠሩት። መጀመሪያ ላይ «ለምን ቀደምከኝ?» ብሎ መክሰስ የለም፤ መጨረሻ ላይ ግን «እንዴት አሸነፍክ?» የሚል ጥያቄ አለ።

የኮሪያው ክርክር በዚህ ሚዛን ቢዳኝ ሊም ነጻ ይወጣል ብዬ አምናለሁ። የወቀሱት በአጀማመሩ ነው፤ አጀማመር ደግሞ የደፋር ነው። የሸጡት ልጆች ግን በአጨራረሳቸው ይያዛሉ።

እኛ ዛሬ ሰንጠረዥ የሚችል ሰው ፈልገን ለማግኘት ይቸግረናል። ሰሌዳው ቢጠፋ ግድ የለም እንበል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ሚዛኑ መገልበጡ ነው። አዲስ ሐሳብ ይዞ ለመጣ፣ ሱቅ ልክፈት ላለ፣ መጽሐፍ ልጻፍ ላለ ወጣት «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ተራህን ጠብቅ» እንለዋለን። ጨረታ ሊያሸንፍ፣ ወንበር ሊይዝ፣ ባላንጣውን ሊጥል መጨረሻው ላይ ለደረሰ ሰው ደግሞ «እንደምንም ብሎ ማሸነፍ ነው» እንለዋለን። ድፍረት በሚያስፈልግበት ቦታ ተራ አስጠብቀን፣ ክብር በሚያስፈልግበት ቦታ መረን ለቀቅን። እንቁላሉ በእግሩ መሄዱ መቼም እውነት ነው። ግን የሚሄደው ጫጩቱ ቅርፊቱን ከውስጥ ደፍሮ ሲሰብር ነው።